ዋስ በስልክ

በፍሥሐ ጂም በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አንድ የቆዳ አገልግል በሚስማር ተንጠልጥሎ ነበር። እንግዳ ሰው የባለቤቱ ምሳ ይመስለዋል። የደብረ ማርቆስ ብረት ገፊ ግን ያውቀዋል፤ የስልክ ማስቀመጫ ነው። የገባ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ይከታል፣ ሲወጣ ይወስዳል። ፍሥሐ ይህን ሕግ ያወጣው ከውጭ አገር ተምሮ አይደለም። የምናለ ጎድን ስለተሰበረ ነው።

ምናለ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ልቡ የዋህ ሰው ነው። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተንጋሎ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተወሰደውን ብረት ሽቅብ ሲገፋ ከአንዱ ኪስ ስልክ ጮኸ። መጥሪያው መዝሙር ነበር፤ ያውም ከ«በስመ አብ» የሚነሣ። ምናለ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በስመ አብ ሲባል ሰምቶ ሳያማትብ ቀርቶ አያውቅም። አማተበ። ብረቱን ለግራ እጁ ትቶ በቀኙ አማተበ። መንፈስ ቅዱስ ላይ ከመድረሱ በፊት ብረቱ ደረቱ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ፍሥሐ የሚስቱን አገልግል አምጥቶ ሰቀለ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዱስ ሚካኤል ራሱ ቢደውል ውጭ ነው የሚያገኛችሁ» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሕጉን ግን ተቀበለ። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ስልኩን ከተተ። ከአንድ ሰው በቀር።

ይህ ሰው ወንድምአገኝ ይባላል። የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ መንገር አያሻም፤ እንዲህ ያለ ሰው ያልተቀመጠበት ካለ እሱን ነው ነጥሎ መጥራት የሚገባ። አገልግሉን መጀመሪያ ያየ ዕለት ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና «መንግሥት በአገልግል አይታሰርም» አለ። ፍሥሐ እንደ ቀልድ ሳቀለት። ያን ቀን ባይስቅለት ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ወንድምአገኝ ጂም የሚመጣው ብረት ሊገፋ ሳይሆን ብረት መግፊያው ላይ ተቀምጦ ስልክ ሊያነጋግር ነበር። አግዳሚው አንድ ነው። እሱ በቅሎ ላይ እንደወጣ ሰው ይቀመጥበታል፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ፣ ላውዱን፣ ይከፍታል፣ ስልኩን አፉ ሥር ይደግናል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ላቡ እስኪደርቅ ይቆማል። ማን ወደ አምበር እንደተዛወረ፣ የማን ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያድር፣ ባለጉዳዩ ከመስማቱ በፊት ብረት ገፊው ይሰማ ነበር። አንድ የግብርና ባለሙያ የራሱን ዝውውር ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ፣ ስኳት የሚሉትን፣ እየሠራ ሰማ። ብረቱን አስቀምጦ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ይህን እያየች ጥርሷን የምትነክስ አንዲት ሴት ነበረች። እቴናት ትባላለች፤ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ፣ የሥነ ዜጋ መምህርት። ንዴቷ ቅርብ ነው። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ክብሪት» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አልከፋትም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ትጠላዋለች። «ዝም ያለውማ አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው ዝም የተባለበት ነው» ትላለች።

ወደ ጂሙ የመጣችው ባለፈው ዓመት፣ ወገቧን ሲያማት፣ ሐኪም አዟት ነው። ወገቧ ዳነ፤ እሷ ግን ቀረች። ብረት ወደደች። ብረት አያሽሟጥጥም፣ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ለምን አላገባሽም አይልም፤ ወይ ታነሺዋለሽ ወይ አታነሺውም። በመጀመሪያ ወር ወንዶቹ አፈጠጡባት፤ እሷም መልሳ አፈጠጠችባቸው፤ እነሱ ቀድመው ደከሙ። ከዚያ ደብሪቱ የምትባል የባንክ ሠራተኛ መጣች። ደብሪቱ ጓደኛዋን አመጣች፣ ጓደኛዋም የአክስቷን ልጅ። ኅዳር ሲደርስ ከመስተዋቱ ሥር ያለው ጥግ የሴቶች ጥግ ተባለ። ማንም አልሰጣቸውም፤ ቆመው ነው የያዙት። እቴናት በሕይወቷ ካገኘችው ሁሉ እንደዚያ ጥግ የኔ የምትለው አልነበራትም።

ጥር ላይ ወንድምአገኝ ራሱን ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ክንዱን ያብጣል፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ከኋላው ደብሪቱ ብረት ተሸክማ ስኳት ትሠራ ነበር፤ ወደ ታች ስትወርድ፣ ወደ ላይ ስትወጣ ሙሉውን ገባች። ቪዲዮው በቫይበር ወጣ። እሱ ግን በውስጡ አልነበረም፤ ተቆርጦ እሷ ብቻ ቀርታለች። ከሥሩ «የመሪጌታው ልጅ ስግደት ላይ» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

ደብሪቱ በእርግጥ የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ በደብረ ወርቅ ቅኔ ያስተምራሉ። ቪዲዮው በሳምንቱ ደብረ ወርቅ ደረሰ። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ለልጃቸው ደውለው «ሥራሽን ትተሽ ነይ» ብቻ አሏት። ደብሪቱ ጂሙን ትታ ቤቷን ዘጋች። ሌሎቹም ተራ በተራ ቀሩ፤ አንዷ ባሏ ከለከላት፣ አንዷ እናቷ፣ አንዷ የገዛ ራሷ ፍርሃት። ከመስተዋቱ ሥር እቴናት ብቻዋን ቀረች።

ወደ አግዳሚው ሄደች።

«አቶ ወንድምአገኝ፣ ያቺን ልጅ ያነሡበትን ቪዲዮ ያጥፉ።»

«እኔ ራሴን ነው ያነሣሁ። ከኋላዬ ያለፈ ፍጡር ሁሉ የኔ ጥፋት ነው?»

«ቆርጦ የበተነው ማን ነው?»

«ምን አውቄ። ለሰው አልላክሁም። ከስልኬ ወስደውት ይሆናል።»

«ይህ ስልክ አገልግል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልወሰደው ነበር።»

«መምህርት» አላት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው ተነሡ ተቀመጡ የሚባሉት።»

እቴናት የመለሰችውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። «ሌባ» የሚል ቃል ነበረበት፤ «ባለጌ» የሚልም ነበረበት፤ ሁለቱም በቦታቸው የገቡ ነበሩ።

በማግስቱ ፍሥሐ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ፍሥሐ ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጠብ ሲያይ ግን ዓይኑ መሬት የሚፈልግ ሰው ነው።

«እታለም፣ እንዴት ልበልሽ። ሰውዬው ከፍቶታል። በሰው ፊት ሰደበችኝ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀኝ ነው የሚል።»

«ባልጠይቅስ?»

«ለጊዜው ብትቀሪ። የጂሙን ፈቃድ የሚያድሱት ጓደኞቹ ናቸው። ታውቂያለሽ።»

«ፍሥሐ፣ የምናለ ጎድን የተሰበረ ጊዜ ሕግ አወጣህ። የደብሪቱ ስም ሲሰበር ምን አወጣህ?»

ፍሥሐ የጫማውን አፍንጫ አየ። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔም እመጣለሁ።»

ፍሥሐ እፎይ አለ። እሺ ያለችው መስሎት ነው። ይህች ሴት እመጣለሁ ስትል እመጣለሁ ማለቷ ብቻ እንደሆነ ገና አልገባውም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ዐጥንት ይበሳል፤ እቴናት ከቱታዋ በላይ ነጠላዋን ደርባ መጣች። ስልኳን አጥፍታ አገልግሉ ውስጥ ከተተች፤ ክዳኑንም ገጠመች። ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ወሬው ቀድሟታል። ምናለ ከሕመሙ ተነሥቶ ቀላል ብረት እየሞከረ ነው። ጋሼ አንሙት የሚባሉ ሽማግሌ፣ ደም ብዛት ግራ እጃቸውን ካሰነፈባቸው ወዲህ በየቀኑ እየመጡ የጎማ ኳስ የሚጨብጡ፣ ጥጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ጋሼ አንሙት ኳሱን እየጨበጡ ስለ ዱሮ ሙግት፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ስለሚቀርቡበት ዘመን፣ ሲያወሩ ሌላው ያዛጋል፣ እቴናት ግን ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማቸው ነበር።

ወንድምአገኝ አግዳሚው ላይ ነው። አያት፣ ፈገግ አለ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ነይ ጠጋ በይ መምህርት። ሰው ይስማ እንጂ።» ስልኩን ፊቷ ላይ ደገነ። ሊቀርጻት ነው። ይቅርታዋንም ልክ እንደዚያኛው ሊልከው ነው።

እቴናት የምትናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅታ ነበር። ሁሉም ጠፋባት። ከአፏ የወጣው ከሷ የቆየ ቃል ነው።

«በሕግ አምላክ» አለች። «በሕግ አምላክ፣ ስልኩ ይውረድ።»

ቤቱ ቀጥ አለ። ሰው ዛሬ ይህን ቃል ቀልድ ያደርገዋል፤ በልጅነቱ አያቱ ሲናገሩት የሰማ ሰው ግን እግሩ ከአእምሮው ቀድሞ ይቆማል። ዳምቤል የያዘው ያዘ፣ ውኃ የሚጠጣው አፉ ላይ ተወው። ምናለ ደግሞ፣ ካለፈው ተምሮ፣ መጀመሪያ ብረቱን በሁለት እጁ ቦታው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ቆመ። ወንድምአገኝም ቆመ። አባቱም አያቱም በዚህ ቃል ቆመዋል፤ እጁ ስልኩን ይዞ ወረደ። ፊቱ ግን ለምን እንደቆመ አልገባውም።

በዚያች ቅጽበት እቴናት የነጠላዋን ጫፍ ከጃኬቱ የወገብ ገመድ ጋር ቋጠረችው። አንድ ጊዜ፣ ደግማም፣ ሳብ አድርጋ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተቆራኝተናል። አንተና እኔ ባለጋራ ነን፤ ዳኛ እስኪፈታን አንፈታም።»

«አንተ» ነው ያለችው። ሁሉም ሰማ።

«አብዳለች እንዴ ይህቺ ሴት። ፍሥሐ፣ ና ፍታት። በየትኛው ዘመን ነው ያለነው? ፍርድ ቤት አለ እኮ።»

«እንሂዳ» አለች እቴናት። «ፍርድ ቤቱ ከገበያው ወዲያ ነው። እንደተቋጠርን እንሂድ። ዛሬ ገበያ ነው፤ የአነደድ ሰው አለ፣ የደብረ ኤልያስ ሰው አለ። እኔ አላፍርም። አንተ ቅደም።»

ወንድምአገኝ ወደ በሩ አየ። ከበሩ ውጭ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ ያልፋል። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ሊበጥሰው ይችል ነበር። ግን ከባለጋራው በጥሶ የሄደ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ እዚህ አገር ያደገ ሰው አይጠይቅም። ደግሞ ሃያ ዓይን ያየዋል።

«እሺ» አለ፣ ሳቅ ለመሳቅ እየሞከረ። «ዳኛው ማነው? ምናለ ነው?»

እቴናት ወደ ጥጉ ዞረች። «ጋሼ አንሙት፣ ዳኛ ይሁኑን።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ለእጄ ነው የመጣሁ።»

«ባለጋራ ከመንገደኛም ቢሆን ዳኛ ከጠራ፣ የተጠራው እምቢ አይልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ኳሱን አዩት። ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። ተነሥተው በሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ ላይ፣ ከብረቶቹ ሁሉ ከፍ ብሎ በሚታየው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ቁሙ እንግዲህ። ዳኛ ፊት ተቀምጦ አይነገርም።»

ወንድምአገኝ እንደገና ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አለ።

እቴናት ነገሯን ተናገረች። ሕግ ወጣ አለች፤ ሁሉ እሺ ሲል አንድ ሰው እምቢ አለ። እምቢ ባለበት ስልክ የሰው ልጅ አነሣ፣ ቆርጦ በተነ፣ ቃል ጻፈበት። ልጂቱ ቤት ዋለች፣ ሴቶቹ ተበተኑ፣ እኔም ውጪ ተባልሁ። ቪዲዮው ይጥፋ፣ የበተነው ይሰብስብ፣ ስልኩ እንደ ሰው ስልክ አገልግል ይግባ።

«አንተስ?» አሉ ዳኛው።

«ለማንም አልላክሁም። ቃሉንም አልጻፍሁም። ስልኬ የመንግሥት ሥራ አለበት።»

«ክደሃል ማለት ነው። የካዱት ነገር በምስክር ነው የሚሰማ። ምስክር እስኪገኝ ሁለታችሁም ዋስ ጥሩ። ዋስ ያጣ ከቋጠሮው አይወጣም። አንቺ ቅደሚ።»

እቴናት አላመነታችም። «ፍሥሐ» አለች።

ፍሥሐ በሩ አጠገብ፣ ከአገልግሉ ሥር ቆሟል። ሁሉም ዞሮ አየው። ወንድምአገኝም አየው፤ እያየውም በዝግታ ራሱን ነቀነቀ፣ ተው እንደማለት። ፍሥሐ እንደ ልማዱ መሬት አየ። መሬት ላይ ያለው የገዛ ብረቱ ነው፤ ከጋራዥ እየለቀመ፣ ሲሚንቶ እያቦካ፣ በገዛ እጁ የሠራው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ፍሥሐ ያን ተረት የሰማው ስለ ሌላ ሰው ሲተረት ነበር።

«ዋሷ ነኝ» አለ። ድምፁ ስለቀጠነበት ደገመው። «ዋሷ ነኝ። ጂሜም ዋሷ ነው።»

«መልካም። አንተስ፣ ዋስህ ማነው?»

ወንድምአገኝ ዙሪያውን ቃኘ። ሲገባ የሚነሡለት፣ ሲያነጥስ «ይማርህ» ለማለት የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የመዳፉን መጅ መቁጠር ጀመረ። አንዱ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ።

«ምናለ» አለ ወንድምአገኝ።

«ጌታው» አለ ምናለ፣ ጎኑን ደገፍ አድርጎ፣ «ጎኔ ገና አልጠገነልኝም። የሰው ዋስ የሚሸከም አይመስለኝም።»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ወንድምአገኝ ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ።

«የኔ ዋስ እዚህ ካላችሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው» አለና ስልኩን ደወለ። አውራ ጣቱ ላውዱን ከፈተ፤ ሳያስበው ነው፣ ሰው ሳይሰማው ስልክ አነጋግሮ አያውቅም።

«አቤት ጌታዬ» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ ወጣት ድምፅ። ምክትሉ የሽዋስ ነው፤ ጂሙ ሁሉ በድምፅ ያውቀዋል።

«የሽዋስ፣ ዋስ ትሆነኛለህ። አንዲት መምህርት ጂም ውስጥ ይዛኝ...»

«ጂም?» የሽዋስ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ጌታዬ፣ ያቺ የመሪጌታው ልጅ ናት ደግሞ? የላኩልንን እኮ ዛሬም ጽሕፈት ቤት ከፍተን ስንስቅ ነው የዋልን። ‹ስግደት ላይ› ያሉት ቃል ግን ከየት መጣልዎ? እኔ ለደብረ ወርቅ ልጆች ሁሉ...»

ወንድምአገኝ ስልኩን ዘጋ። ቸኩሎ ስለነበር ሦስት ጊዜ ነካው።

ከውጭ የአህያ ጩኸት ተሰማ። ጋሼ አንሙት በደህናው እጃቸው የታመመውን እጅ ያዙት።

«ዋስ በስልክ አይሆንም» አሉ። «ዋስ በአካል ነው። ምስክር ግን በስልክም ሆነ።»

ያኔ ሳቁ ፈነዳ። በሳቁ መካከል አንድ ሹፌር ከአገልግሉ ስልኩን መዞ አወጣና ደገነ። ነጠላ ላይ የተቋጠረ ኃላፊ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ቪዲዮ አለ። ወንድምአገኝ ስልኩን ሲያይ ፊቱን በክንዱ ጋረደ። «አታንሣኝ» አለ። «በማርያም፣ አታንሣኝ።» ያን ጊዜ የደብሪቱ ፊት በቪዲዮው ላይ ምን ይመስል እንደነበር እቴናት ትዝ አላት፤ ደብሪቱ እየተነሣች መሆኑን እንኳ አላወቀችም ነበር፤ የምትጋርድበት ጊዜም አላገኘች።

«መልሰው» አለች ሹፌሩን።

«መምህርት፣ ላንቺው እኮ ነው። ከተማው ይየው። እሱ ያደረገውን ይቅመሰው።»

እቴናት ምራቋን ዋጠች። እውነቱን ለመናገር ቪዲዮውን ፈልጋዋለች። ጎጃም ሁሉ ቢያየው፣ ከጎጃም አልፎ አባይን ቢሻገር ደስ ባላት ነበር። ስለ ይቅርታ የሚሰብክላት ሰው ያን ጊዜ አጠገቧ ቢመጣ በጥፊ ትለው ነበር።

«ይቅር ብዬው አይደለም» አለች። «አገልግሉ ለሁላችን ነው የተሰቀለው። እሱ ከሕግ በላይ ነኝ ስላለ ነው የያዝሁት። አንተም ከሕግ በላይ ከሆንህ ሌላ ነጠላ እፈልጋለሁ።»

ሹፌሩ አጉረመረመ፤ ስልኩን ግን መልሶ ከተተ። ፍሥሐ ክዳኑን ገጠመ።

ፍርዱ አጭር ነበር። «የበተንኸውን ሰብስብ» አሉ ዳኛው። «ለላክህላቸው ደውል፤ ቃሉ የኔ ነው፣ አጥፉት በል። በዚያው በላውድህ። ከዚያ ለአባቷ።»

ደወለ። ለአንዱ፣ ለሌላው፣ ለሌላው። ድምፁ በየጥሪው ዝቅ ይላል፤ ዳኛው በየጥሪው «አልተሰማም» ይላሉ። የመሪጌታውን ቁጥር እቴናት በቃሏ ነገረችው፤ ልጃቸውን ከሥራ እንዳያስወጡ ስትለምናቸው ሰንብታለች።

«ማን ልበል?» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ።

«ወንድምአገኝ ነኝ፤ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ...»

«ኃላፊስ ሁላችንም ነን። ምን ፈለግህ?»

ነገራቸው። እየተንተባተበም ቢሆን ነገራቸው። ከዚያ በኩል፣ ከሩቅ፣ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ይሰማል።

«ልጄን ነይ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ያንተን ቃል አምኜ ነው የጠራኋት። ያንተ ጥፋት በዳኛ ፊት ታየ። የኔን ከሷ ጋር እጨርሳለሁ።» ዘጉት።

ዳኛው ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከሩ፤ ጠብቋል፤ አንድ እጃቸው ብቻ አይበቃም። እቴናት ራሷ ፈታችው። ወንድምአገኝ ጃኬቱን ወደ ታች ሳበ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ፍሥሐ ዞረ።

«ይህ ቤት ይታሸጋል።»

«ይታሸጋ» አለ ፍሥሐ። መሬት ሳያይ ነበር ያለው።

ታሸገም። ወሩ ሳያልቅ የመፀዳጃ ቤት ጉድለት ተገኘበት ተባለ፤ የየመጠጥ ቤቱ መፀዳጃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የከተማው ሰው ሁሉ ሳቀ። በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ዋዜማውን ምናለ የወፍጮ ቤቱን ጋሪ አምጥቶ፣ ብረት ገፊው ሁሉ ተሰልፎ፣ ብረቱንም አግዳሚውንም የሲሚንቶ ጣሳውንም ወደ ፍሥሐ ግቢ አግዘውታል። መስተዋቱን እቴናት ነበረች በጀርባዋ የተሸከመችው። ወገቤን አመመኝ ብላ የጀመረችው ሴት።

አሁን ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይሠራሉ። አገልግሉ ከግቢው በር ላይ ተሰቅሏል። መስተዋቱ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ሰማይም ይታይበታል፣ የጎረቤት ዶሮም።

መጋቢት ላይ አንድ ከሰዓት ደብሪቱ መጣች። ስለ አባቷ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። ስልኳን አገልግሉ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን አጥሩ ላይ ጣለች፣ ብረቱን ትከሻዋ ላይ አደረገች። እቴናት ከኋላዋ ቆማ ጠበቀቻት። ጋሼ አንሙት ኳሳቸውን ይጨብጣሉ።

ገና ሳትጀምር የግቢው በር ተንኳኳ። ጫማው የተወለወለ ቀጭን ወጣት ነው፤ በእጁ ስልክ ይዟል።

«ያለ ፈቃድ ጂም ተከፍቷል ተብሎ ጥቆማ መጥቷል» አለ። «ፎቶ አንሥቼ ሪፖርት ላደርግ ነው የተላክሁት።»

ድምፁን ሁሉም አወቀው። ደብሪቱ ብረቱን አላወረደችም። በመስተዋቱ ውስጥ አየችው።

«የሽዋስ አንተ ነህ?» አለችው። «ስምህን ነግረውኛል። ሳቅህንም።»

የሽዋስ ዓይኑን ከመስተዋቱ አነሣ።

እቴናት ወደ በሩ ሄደች። የአገልግሉን ክዳን ከፈተችና ይዛ ቆመች።

«የፍሥሐ መኖሪያ ግቢ ነው፤ የሚሠሩት እንግዶቹ ናቸው፤ ብረቱም የሱ ነው። ሪፖርትህ ላይ ይህን ጻፍ። መግባት ከፈለግህ ግባ፣ ማንም አይነካህም፤ እንደኛው ብረት ትገፋለህ። ስልክህ ግን እዚህ ነው የሚገባ።»

«እኔ የመንግሥት ሥራ...»

«እዚህ» አለች እቴናት።

የሽዋስ ስልኩን አየ፣ አገልግሉን አየ፣ ወደ ውስጥ አየ። ምናለ አግዳሚው ላይ ቀና ብሎ ቁጭ ብሏል። ፍሥሐ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ደብሪቱ እስከዚያ ድረስ አልጠበቀችም።

«ከእግዜር በታች የምሰግደው ለዚህ ብረት ብቻ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለመስተዋቱ። ጉልበቷን አጠፈች፤ ብረቱ ወረደ፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ብረቱ ወጣ። ደገመችው።

የሽዋስ ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ እቴናት ክንዷ እስኪዝል ክዳኑን ከፍታ ያዘች።